እናቴ እንቁላል የታቀፈችበት ክረምት

ባለፈው መጋቢት ሶዶ ገበያ ውስጥ አንዲት ሴት ጎኑ የተበሳሳ ካርቶን ታቅፋ በአጠገቤ አለፈች። ከካርቶኑ ውስጥ የጫጩት ድምፅ ይሰማል። ያስቆመኝ ግን ድምፁ ሳይሆን ሽታው ነው፤ የሞቀ ሰጋቱራ፣ የእርጥብ ጨርቅና ገና ያልደረቀ ላባ ሽታ። ሰዉ እየገፋኝ ያልፋል። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ክረምት ነበር፣ ከቤታችን በላይ ዳሞታ ተራራ ጉሙን ለብሶ ተኝቶ ነበር።

በዚያ ክረምት እናቴም ተኝታ ነበር። ከእኔ በኋላ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ሳይደርሱ ቀርተዋል። ሦስተኛው ሲመጣ ሐኪሙ ከአልጋ እንዳትወርድ አዘዛት። አባቴ መንገድ ቀያሽ ነው፤ ከሰሜን ሸዋ በሥራ መጥቶ እዚሁ ያገባ ሰው። ያኔ የገሱባን መንገድ እየለካ ሳምንቱን ሙሉ አይገኝም ነበር። ስለዚህ የእናቴ ታላቅ እህት ከዲምቱ መጣች። እናቴ "እትዬ" ስለምትላት እኔም እትዬ አልኳት።

እትዬ የመጣችው በባጃጅ ነው። እሷ ከኋላ ተቀምጣለች፣ አጠገቧ ደግሞ በገመድ የታሰረ ትልቅ የእንጨት ሳጥን አለ። ከሳጥኑ ቀድማ አልወርድም አለች። ሾፌሩና የጎረቤት ልጆች ተሸክመው እኔ የምተኛበት ክፍል ካስገቡት በኋላ ነው እናቴን የሳመቻት።

ዕድሜዋን በአንድ የዶሮ ማራቢያ ጣቢያ ነው ያሳለፈችው፤ እንቁላል ከሚፈለፈልበት ክፍል። ጉልበቷን ስላመማት ሥራውን ከተወች ዓመት ሆኗታል። ሳጥኑን በአሮጌ ቁም ሳጥን እንጨት ያሠራችው ራሷ ናት። ክዳኑ ላይ መስታወት አለው። ውስጡ አራት አምፖል፣ የሽቦ ወንፊት፣ ከወንፊቱ በታች የውሃ ሳህን። ጎንና ጎኑ ላይ በቡሽ የሚደፈኑ ቀዳዳዎች አሉ።

"ዶሮዋስ የታለች?" አልኳት።

"ዶሮ የለም። ዶሮው እኛ ነን" አለችኝ።

እቤታችን በአባቴ ምክንያት የሚነገረው አማርኛ ነበር። እትዬ ግን አፏን የፈታችው በወላይትኛ ስለሆነ ወንድና ሴት እየተቀላቀለባት፣ እኔን ሴቷን ልጅ አንዳንዴ "አንተ" ትለኛለች። እንቁላሎቹን በወንፊቱ ላይ ስትደረድር "ይቺ ጎበዝ ናት፣ ይሄኛው ሰነፍ ነው፣ ያቺ ደግሞ ቀስ ትላለች" እያለች ነበር። እኔ የትኛው አውራ፣ የትኛዋ ቄብ እንደምትሆን ከቅርፊቱ አይታ የምታውቅ መሰለኝ። የሰማሁትን በልቤ መዝግቤ፣ ሴት የተባሉትን ወደ መስኮቱ በኩል አደረግኋቸው። ስትመለስ ቦታቸው ተቀያይሮ አየች። እንዳሉ ተወቻቸው።

አርባ እንቁላል ነበሩ። በእያንዳንዱ በአንድ ጎን ክብ፣ በሌላው ጎን ጭረት በእርሳስ አደረግንበት። ሥራዬ ማገላበጥ ነው፤ በቀን አምስት ጊዜ፣ እጄን ታጥቤ፣ ክቡ ላይ የነበረውን ወደ ጭረቱ። ካልተገላበጠ ጫጩቱ ከቅርፊቱ ጋር ይጣበቃል አለችኝ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር ቀኔን የምቆጥረው በማገላበጥ ሆነ። ከቁርስ በፊት፣ ከቁርስ በኋላ፣ ምሳ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ከራት በኋላ።

ሁለት ቴርሞሜትሮች በመስታወቱ ሥር ተኝተው ይታያሉ። አንደኛው ራቁቱን ነው፤ እሱ ሠላሳ ስምንት ላይ ካልቆመ እትዬ እንቅልፍ የላትም። ሁለተኛው ግን ጫፉ ላይ እርጥብ ጨርቅ የተጠመጠመበት ነው፤ ጨርቁ ከትንሽ ብልቃጥ ውሃ ይጠጣል። እሱ ሁልጊዜ ከወንድሙ ያነሰ ያሳያል፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ። እኔ የበረደው እሱ ስለሆነ ካልሲ ያደረጉለት መስሎኝ "ካልሲ ያደረገው" እለው ነበር። እትዬም ስሙን ወደደችለት። "ካልሲ ያደረገው ስንት አለ?" ትለኛለች ከጓሮ ሆና። እኔ በመስኮት እጮሃለሁ።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እርጥበቱን ይናገራል። ካልሲ ያደረገው በጣም ከወረደ ሳጥኑ ደርቋል፣ የውሃው ሳህን በሰፊ ይለወጣል። ከወጣ ደግሞ በጠባብ ይለወጣል፣ ቡሹ ይነቀላል። ጠዋት ጠዋት የዳሞታ ጉም እስከ አጥራችን ሲወርድ፣ የእንሰቱ ቅጠል ሳይዘንብ ሲያንጠባጥብ፣ እትዬ በር ላይ ቆማ አየሩን ታሸታለች። "ዛሬ ውሃውን ተራራው ሰጠን" ብላ ግማሹን ትደፋለች። እኔ ተራራውና እሷ የተነጋገሩ ይመስለኝ ነበር። ጉሙ ሲወርድ ስለ እንቁላሎቹ ሊጠይቅ የመጣ ነበር የሚመስለኝ።

አንድ ቀን ለምን ውሃው በዛ ብሎ አይቀመጥም ብዬ ጠየቅኋት።

"እንቁላል ውስጥ ያለው ውሃ ቀስ እያለ መውጣት አለበት" አለችኝ። "ካልወጣ ጫጩቱ መተንፈሻ ቦታ አያገኝም። ቶሎ ከወጣ ደግሞ ሽፋኑ ደርቆ ያንቀዋል። ቀስ ማለት አለበት።"

እናቴ ከሰዓት በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ታለቅስ ነበር። ድምፅ የለውም፣ ትራሱ ብቻ ይርሳል። ያን ቀን ገባኝ ብዬ ደስ አለኝ። ውሃው እየወጣ ነው፣ ልጁ መተንፈሻ ቦታ እያገኘ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ስታለቅስ ግን ፈራሁ፤ መድረቅም አለ። የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ውሃ ሞልቼ እየገፋሁ ከአልጋዋ ሥር አስገባሁት፣ መስኮቱንም ዘጋሁ።

ያገኘው አባቴ ነው። ቅዳሜ መጥቶ ጫማውን ሊያወልቅ ሲቀመጥ እግሩ ሳፋው ውስጥ ገባ።

"ይኼ ምንድነው?"

"እርጥበት ነው" አልኩ።

አባቴ እናቴን አያት። እናቴ ጣሪያውን አየች፤ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን እንደያዘች ገብቶኛል። "ይቀመጥ" አለች በመጨረሻ። "አንተ ብቻ እግርህን አውጣ።"

በሰባተኛው ቀን መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለን ክፍሉን አጨለምነው። እትዬ ካርቶን በስታ ባትሪውን ከኋላ አደረገች፣ እንቁላሎቹንም አንድ በአንድ ቀዳዳው ላይ አስቀመጠቻቸው። ውስጣቸው ቀይ ነበር። በቀዩ ውስጥ ቀጫጭን ሥሮች እንደ ዛፍ ተዘርግተው፣ መሐል ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ትንቀሳቀሳለች። "እያት፣ ዓይኑ ናት" አለችኝ። ሰባቱ ግን ባዶ ነበሩ፤ ብርሃኑ ምንም ሳያገኝ አልፏቸው ሄደ። ሠላሳ ሦስት ቀሩ።

ባትሪውን ይዤ ወደ እናቴ ሄድኩ። ምን እንደምፈልግ ሳልነግራት ገባት፣ ጋቢውን ገለጥ አደረገችልኝ። ባትሪውን ሆዷ ላይ አድርጌ በእጄ ከለልኩት። ያየሁት የራሴን ጣቶች ቅላት ነው።

"ምን አየሽ?" አለችኝ።

"ቀይ ነው።"

"ቀይ ጥሩ ነው?"

"እትዬ ቀይ ጥሩ ነው ብላለች።"

ዓይኗን ጨፍና እጄን እዚያው ያዘችው። ባትሪው እስኪደክም ድረስ እንደዚያው ቆየን።

በዚያው ሳምንት ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሊጸልዩላት መጡ። ጸሎቱ አልቆ ሲወጡ በረንዳው ላይ አንዷ ለሌላዋ ዝቅ ባለ ድምፅ "እህትየዋ መካን ናት አሉ። ካረገዘች ሴት አልጋ አጠገብ ባትውል ጥሩ ነበር" አለቻት። እኔ ከበሩ ኋላ ነበርኩ። መካን የሚለውን ቃል ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም፤ መካኒክ ሊሉ ፈልገው ያሳጠሩት መሰለኝ። አምፖል የምትቀይር፣ ሽቦ የምትቀጥል፣ ሳጥን የምትሠራ ሴት ሌላ ምን ትሆናለች? ኩራት ተሰማኝ።

እትዬ የውሃ ሳህኑን ስታጥብ አገኘኋት።

"እትዬ፣ አንቺ መካን ነሽ አይደል?"

እጇ ውሃው ውስጥ ቆመ። ሳህኑን አንሥታ በቀሚሷ ጫፍ አደረቀችው።

"ማን ነገረህ?"

"ሴቶቹ። እኔም ሳድግ መካን ነው የምሆነው። ሬዲዮም እሠራለሁ።"

ከዚያ ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ተፈታ፤ ተንበርክካ፣ በሚያማት ጉልበቷ ተንበርክካ፣ አንገቴን አቅፋ ሳቀች። ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ስለነበር ሳቅ ነው ብዬ ነው ያመንኩት።

"አንተ መካኒክ ትሆናለህ" አለችኝ። "የኔን ቃል ግን ለሰው አትንገር።"

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ኃይለኛ ዝናብ ከነፋስ ጋር መጣና መብራት ጠፋ። የታችኛው ሰፈር ምሰሶ ወድቋል ተባለ። እትዬ ቀዳዳዎቹን ደፈነች፣ ሳጥኑን በብርድ ልብስ ሸፈነች፣ ፔርሙስ ውስጥ የነበረውን ሙቅ ውሃ በጠርሙስ አድርጋ አስገባች። እኔ ቁጥሩን እጠራለሁ። ሠላሳ ስድስት። ሠላሳ አምስት። ከሰል ላምጣ ብላት እምቢ አለች፤ ጭሱ እነሱንም እኛንም ይጎዳል። ሠላሳ ሦስት።

እናቴ ከአልጋዋ ተጣራች። "እትዬ፣ የሰው ሙቀት ስንት ነው?"

"ሠላሳ ሰባት።"

"ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?"

እትዬ በሩ ላይ ቆመች። "አንቺ መንቀሳቀስ የለብሽም።"

"ዶሮ ስትታቀፍ ትንቀሳቀሳለች እንዴ?"

እንቁላሎቹን በነጠላ እየያዝን ተሸከምናቸው። በእናቴ ግራና ቀኝ፣ በክንዶቿና በጎኖቿ መካከል፣ በሁለት ረድፍ ደረደርናቸው፤ ሆዷን ብቻ ነፃ ተውንላት። ጋቢውን በላይዋ አለበስን፣ ብርድ ልብሱን ደረብን። እትዬ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው በኩል እንቁላሎቹን መሐል አድርገን ተጋደምን። ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስታችንም አንድ አልጋ ላይ ነበርን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከጋቢው ሥር የእናቴ እጅ ቀስ እያለ ሲሄድ ይሰማኛል፤ ሳታይ፣ በመዳሰስ ብቻ፣ አንድ በአንድ እያገላበጠቻቸው ነው። ከዚያ በፊት ለሁለት ወር ምንም ሥራ ያልተፈቀደላት ሴት ናት። በጉሮሮዋ የሆነ የወላይትኛ መዝሙር ታዜም ጀመር፤ እትዬ ተቀበለቻት። ተኝቼ እየሰማሁ ይሁን ሰምቼ የተኛሁ ዛሬም አላውቅም።

ስነቃ አባቴ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ በሩ ላይ ቆሟል። ሦስታችንን ተራ በተራ ያየናል።

"ምን ሆናችሁ?"

"ቀስ በል" አለችው እናቴ። "ሠላሳ ስድስት ነን።"

አባቴ ጫማውን በረንዳው ላይ አውልቆ፣ በእግር ጣቱ እየረገጠ ገብቶ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠ። መብራቱ ሊመሽ ሲል መጣ። እትዬ እንቁላሎቹን እየመለሰች እያንዳንዳቸውን ጉንጯ ላይ ታስነካለች። "ሞቃት ናት። ሞቃት ነው። ሞቃት ናት።"

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ማገላበጥ ቆመ። የውሃው ሳህን በሰፋ ሌላ ሳህን ተቀየረ፣ ጎኑ ላይ እርጥብ ጨርቅ ተዘረጋ፣ ካልሲ ያደረገው ወደ ሠላሳ ሁለት ወጣ። "ከዛሬ ጀምሮ ክዳኑ አይከፈትም" አለች እትዬ። "አሁን ነው እርጥበት የሚፈልጉት። ተመልከት፣ አትንካ።"

በሃያኛው ቀን ጠዋት እናቴ ሆስፒታል ቀጠሮ ነበራት። እትዬ ይዛት ሄደች፤ እኔን የጎረቤታችን ሴት እንድታየኝ አደራ አለች። ጎረቤቷ ልብስ ታጥባለች። እኔ ሳጥኑ አጠገብ ተቀመጥኩ። አንዱ እንቁላል ተሰንጥቆ ምንቃር ወጥቷል። ምንቃሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ከዚያ ቆመ። መስታወቱ በእንፋሎት ስለተሸፈነ በደንብ አይታየኝም። በክንዴ ጠረግሁት፤ እንፋሎቱ ግን ያለው በውስጥ በኩል ነው።

መስታወቱን ልጥረግ ብዬ ነው የከፈትኩት። እንፋሎቱ እንደ ትልቅ ትንፋሽ ፊቴን ነካኝና ሄደ። ከዚያ ያ ምንቃር የቆመበትን እንቁላል አየሁት፤ የታፈነ መሰለኝ። አንሥቼ ቅርፊቱን በጥፍሬ ላጥኩለት። ደም መጣ። ሌሎቹም ሲጮሁ የጠሩኝ መስሎኝ በየተራ እያነሣሁ በጆሮዬ ሰማኋቸው። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ካልሲ ያደረገውን ሳየው ሃያ ስድስት ላይ ነበር። ክዳኑን ዘግቼ ጓሮ ሄጄ ከእንሰቱ ሥር ተቀመጥኩ።

በማግሥቱ ሃያ አንድ ጫጩቶች በራሳቸው ወጡ። ሦስቱ ምንም ሳይሰነጠቁ ቀሩ። ዘጠኙ ግን በተሰነጠቀው ቅርፊት ውስጥ፣ ሽፋኑ እንደ ወረቀት ደርቆ ላያቸው ላይ ተጣብቆ፣ መዞር አቅቷቸው ነበር። እትዬ አንዱን አንሥታ አየችው።

"ማን ከፈተው?"

"ነፋስ" አልኩ።

ለብ ያለ ውሃ አመጣች፣ ጨርቅ አረጠበች፣ ሽፋኑን እየነካካች፣ እያለሰለሰች፣ ሳትቸኩል አራቱን አወጣች። አምስቱ እጇ ላይ ቀሩ፤ አንደኛው እኔ የላጥኩት ነው። በጨርቅ ጠቅልላ ከቡናው ሥር ስትቀብራቸው በመስኮት አየኋት። እናቴ ስንት ወጣ ብላ ስትጠይቃት "ሃያ አምስት፣ ለክረምት ጥሩ ነው" አለቻት።

ከአምስት ቀን በኋላ ጠዋት እናቴ ታማ ተነሣች። ልጁ ገና ወሩ አልደረሰም። አባቴ አቅፎ ባጃጅ ውስጥ ሲያስገባት የተንጠለጠለው እግሯ ላይ ካልሲ አልነበረም፤ እኔ ካልሲዋን ይዤ ስሮጥ ባጃጁ እትዬንም ይዞ ሄደ። ሦስት ቀን ጎረቤት አደርኩ። ማንም ምንም አይነግረኝም። እኔ ግን አውቄዋለሁ፤ የከፈትኩት እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ቀን አባቴ ወሰደኝ። ኮሪደሩ ላይ እትዬ ልትቀበለን ወጣች፣ አባቴ መድኃኒት ሊገዛ ወረደ። ስታየኝ አለቀስኩ።

"ነፋስ አይደለም" አልኳት። "እኔ ነኝ የከፈትኩት። እርጥበቱ ወጣ። ለዚህ ነው እማዬ..."

እትዬ ቁጭ ብላ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች። "ስማኝ። የሳጥኑን ያን ቀን አውቄዋለሁ። የጣትህ ምልክት መስታወቱ ላይ በውስጥ በኩል ነበር። እሱ ጥፋት ነው፣ ተናዘዝክ፣ አለቀ። እናትህ ግን እንቁላል አይደለችም። እሷን የከፈተ የለም።"

"ትሞታለች?"

"ትኩሳት አላት። ተኝታለች። ና እይ።"

ክፍሉ ውስጥ እናቴ ዓይኗን ጨፍና ክንዷ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶላት ተኝታለች። ደረቷ ይነሣል፣ ይወርዳል፤ እሱን ለረጅም ጊዜ አየሁት። እትዬ ከአልጋው አጠገብ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ያኔ ነው ሹራቧ በደረቷ በኩል እንዳበጠ ያስተዋልኩት። ከአንገቷ በታች፣ ከቆዳዋ ጋር ተጣብቆ፣ ከእጄ መዳፍ ብዙም የማይበልጥ ፊት ነበር። ወንድሜ ነው። ነርሶቹ ከሰው ገላ ጋር አድርጋችሁ አሙቁት ብለዋቸው፣ እናቴ በትኩሳቱ አቅም ስላጣች፣ ከተወለደ ጀምሮ እትዬ ናት የያዘችው። አባቴ ተራ ልያዝልሽ ሲላት "አንተ እጅህ ይቀዘቅዛል" ብላ ከልክላዋለች። ስትተኛም ቀና ብላ፣ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አድርጋ ነው።

የሕፃኑን ጀርባ እንድነካ ፈቀደችልኝ። ሞቃት ነበር። በጣም ፈጣን ትንፋሽ ነበረው።

ተረኛ የሆነች አዲስ ነርስ መዝገብ ይዛ ገባች። አልጋዎቹን አየች፣ ከዚያ እኛ ጋ መጥታ ጎንበስ አለች።

"የዚህ ልጅ እናት ማናት?"

እትዬ የተኛችውን እናቴን ዞር ብላ አየቻት። ሹራቧን በሕፃኑ ጭንቅላት ላይ ትንሽ ሳብ አደረገች።

"እሷ ናት" አለች። "እስክትነቃ ድረስ ግን እኔ ነኝ።"

ነርሷ የምትጽፈውን ትታ፣ ከባዶው አልጋ ላይ ትራስ አንሥታ፣ ከእትዬ ጀርባ አደረገችላት።